ሐይቁ እስከ የት ደርሶ ነበር?

ባለፈው ዓመት አባቴ ወደ ሻሸመኔ ሲሄድ እኔንም አስከትሎኝ ነበር። በላንጋኖና በአብያታ መካከል መኪናችንን አቆምን። የአብያታ ውሃ ከሩቅ ይታያል፤ እኔ ግን ከመንገዱ ዳር ካለው ነጭ አፈር ውስጥ የቀንድ አውጣ ቅርፊት አገኘሁ። አባቴም፣ «እኔ ልጅ ሳለሁ ውሃው ከአሁኑ የቀረበ ነበር፤ እዚህ ድረስ የደረሰው ግን በየትኛው ዘመን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ወደ ልደታ ከተመለስሁ በኋላ መምህሬን ጠይቄና መጻሕፍት አገላብጬ የተረዳሁትን እነሆ ለአንባቢዎች አቀርባለሁ።

በአየር ካለው ካርቦን እጅግ ጥቂቱ ካርቦን 14 ይባላል። ይኸውም ከጠፈር የሚመጣ ጨረር የላይኛውን አየር ሲመታ ከናይትሮጅን የሚገኝ ነው። ዕፅዋት ከአየር፣ እንስሳት ከምግባቸው፣ ቀንድ አውጣም ለቅርፊቱ ከውሃው ይወስደዋል። ፍጥረቱ ሲሞት መውሰዱ ይቆማል፤ ያለውም በ5,730 ዓመት በግማሽ፣ በ11,460 ዓመት ወደ ሩብ ይቀንሳል። ስለዚህ የቀረውን የለካ ሰው ዘመኑን ያሰላል። ዘዴውን ያስገኘው አሜሪካዊው ዊላርድ ሊቢ በ1960 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

በባሕር ዳር አገሮች ሊቃውንት በጨዋማ ረግረግ የተቀበረውን የሣር ሥር በዚህ ዘዴ እየመረመሩ ባሕሩ በየዘመኑ የነበረውን ከፍታ ያውቃሉ። በአገራችን ደግሞ ሐይቆቻችን ተመርምረዋል። ግሮቭ፣ ስትሪትና ጉዲ የተባሉ ሊቃውንት በ1975 እ.ኤ.አ. ስለ ስምጥ ሸለቆ ጥንታዊ የሐይቅ ዳርቻዎች ጽፈዋል። ከዛሬ 9,000 ዓመት ገደማ በፊት ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ አንድ ታላቅ ሐይቅ ነበሩ። ፊቱ ከአሁኑ ሻላ ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሲሆን፣ ትርፉ ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። በዚያን ዘመን የክረምቱ ዝናብ ከዛሬው ይበዛ ነበርና።

ነገር ግን ጥንቃቄ ያሻል። ቅርፊቱ ከውሃው ያረጀ ካርቦን ወስዶ ከሆነ ከእውነተኛ ዕድሜው በላይ ያረጀ ይመስላል። ስለዚህ ሊቃውንት የአንዱን ቅርፊት ምስክርነት ብቻ አይቀበሉም፤ ከከሰልና ከሌላም ነገር ጋር ያመሳክራሉ።

እንግዲህ ለአባቴ የምመልሰው ይህን ነው። ያ ታላቅ ሐይቅ የጐደለው ዝናቡ ሲያንስ፣ በብዙ ሺህ ዓመት ውስጥ ነው። አብያታ ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ሲሸሽ ታይቷል፤ ለዚህም ከዝናቡ ሌላ ለመስኖና ለሶዳ አሽ የተወሰደው ውሃ ምክንያት ሆኗል። ዝናቡን ማዘዝ አንችልም፤ የምንቀዳውን መለካት ግን የእኛ ፈንታ ነው።