ጳጳሱን ከመሠዋት በፊት

ቼዝ በሚወዱ ተማሪዎች ዘንድ አንድ የታወቀ ጥቃት አለ። ነጩ ጳጳሱን በንጉሡ ፊት በቆመው ወታደር ላይ ወርውሮ ያስበላዋል፤ ንጉሡንም ከምሽጉ አውጥቶ በፈረስና በንግሥት ያሳድደዋል። ጣሊያናዊው ግሬኮ እ.ኤ.አ. በ1620 ገደማ በእጅ ጽሑፎቹ ካሰፈረው ወዲህ ጥቃቱ ከ400 ዓመት በላይ ኖሯል። ዛሬም ጓደኞቻችን ይሞክሩታል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጭብጨባው ሳያልቅ ጳጳሱ በከንቱ ይቀራል። ጉድለቱ የድፍረት ሳይሆን የስሌት ነው።

በአባቶቻችን ሰንጠረዥ እንዲህ ያለ ጥቃት አልነበረም። በጳጳሱ ስፍራ የሚቆመው ፊል፣ ማለት ዝሆኑ፣ በሰያፍ ሁለት ቤት ብቻ ይዘል ስለ ነበር ከሩቅ ሆኖ ምሽግ አይሰብርም። ስለዚህ ትምህርቱን ከአዲሱ ጨዋታ መቅሰም አለብን።

ዓምዶቹን ከነጩ ግራ ጀምረን በግዕዝ ፊደል ተራ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ቀ እንበላቸው፤ ረድፎቹን ከ1 እስከ 8 እንቁጠር። በቢቸና አጠገብ በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የቆጠረ ወንድማችን ይህ አይቸግረውም። አሁን ሰሌዳው ቀርቦ እንጫወት፦

1. ወታደር ሠ4 — ወታደር ሠ6
2. ወታደር መ4 — ወታደር መ5
3. ፈረስ ሐ3 — ፈረስ ረ6
4. ወታደር ሠ5 — ፈረስ ከረ6 ወደ መ7
5. ፈረስ ረ3 — ጳጳስ ሠ7
6. ጳጳስ መ3 — ጥቁር ንጉሡን ወደ ሰ8፣ ግንቡን ወደ ረ8 ያዛውራል።

ችኩል ተጫዋች ወዲያው ጳጳሱን ቀ7 ላይ ይሠዋል። ንጉሡ ይበላዋል፤ ፈረሱ ሰ5 ላይ ቼክ ይላል። ነገር ግን የጥቁሩ ጳጳስ ከሠ7 መጥቶ ፈረሱን ይበላል፤ ጥቃቱም እዚያው ይሞታል።

ከሞጣ ወደ ቤጌምድር በሚያሻግረው መንገድ በዓባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ እናስታውስ። በፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ስለ ተቆረጠ፣ ሁለቱ ጫፎች ቆመው ሳሉ መሻገሪያነቱ ቀረ። የችኩሉም ጥቃት እንዲሁ ነው፤ መነሻውና መድረሻው አለ፣ መካከሉ የለም። መካከሉ ሰ5 ላይ ያለው ፈረስ ነው።

መጠገኛው 7. ወታደር ቀ4 ነው። ይህ ወታደር ፈረሱን ይደግፋል፤ ከኋላውም ግንቡ ቀ1 ላይ ይጠብቃል። ጥቁር አደጋውን አይቶ ወታደሩን ወደ ረ5 ቢገፋ የጳጳሱ መንገድ ይዘጋልና መሥዋዕቱን መተው ነው። ሳያስተውል ወታደር ሐ5 ቢል ግን 8. ጳጳስ ቀ7ን ይበላል፣ ቼክ፤ ንጉሡም ጳጳሱን ይበላል። 9. ፈረስ ሰ5፣ ቼክ። እንግዲህ የጥቁርን አራት ዋና ዋና መልሶች እንቁጠር።

አንደኛ፣ ጳጳሱ ፈረሱን ቢበላ፣ የቀ4 ወታደር መልሶ ሲበላ ግንቡ ቼክ ይላል። ንጉሡ ወደ ሰ8 ቢሸሽ ንግሥት ቀ5 ትገባለች። ጥቁር በረ ዓምድ ያለውን ወታደር ለማምለጫ ቢገፋ፣ የነጩ ወታደር ሰ6 ደርሶ በሩን ይዘጋል፤ ቀጥሎ ንግሥቲቱ ቀ8 ላይ ቼክሜት ትላለች። ንጉሡ ወደ ሰ6 ቢወጣ ደግሞ ንግሥት ቀ5 ቼክ፤ ንጉሥ ረ5፤ ወታደር ሰ4፣ ቼክሜት።

ሁለተኛ፣ ንጉሡ ወዲያው ወደ ሰ8 ቢመለስ ንግሥት ቀ5 ትገባለች፤ ጳጳሱ ፈረሱን ቢበላም ከላይ ወዳየነው ይመለሳል።

ሦስተኛ፣ ንጉሡ ቀ6 ቢቆም ፈረሱ ሠ6ን ሲበላ የሐ1 ጳጳስ ቼክ ይገለጣል፤ የጥቁር ንግሥትም ትጠፋለች።

አራተኛ፣ ንጉሡ ሰ6 ቢወጣ ወታደር ቀ5፣ ቼክ። ወደ ረ5 ቢሄድ ወታደር ሰ4 ቼክሜት ነው፤ ወደ ቀ6 ቢሄድ ንግሥቱን እንደ ሦስተኛው ያጣል።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ጳጳሱን ከማንሣታችሁ በፊት አራቱን መልሶች በጣታችሁ ቁጠሩ። ከአራቱ አንዱ መልስ ካላገኘ አንድ እርምጃ ለዝግጅት አውሉ፤ ዝግጅቱም የማይረዳ ከሆነ ጳጳሱን በቦታው ተዉት።