የኢትዮጵያና የኬንያ የውጭ ኢንቨስትመንት እንዴት ይነጻጸር?

ጥያቄ፦ የሳሪስ ነዋሪና የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ወደ ኢትዮጵያና ወደ ኬንያ የገባውን ቀጥተኛ የውጭ ኢንቨስትመንት ማነጻጸር እፈልጋለሁ። የየዓመቱን ዶላር ጎን ለጎን ባስቀምጥ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። በተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ መረጃ መሠረት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ2017 እ.ኤ.አ. 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2020 ወደ 2.4 ቢሊዮን ወረደ፤ በ2021 ከ4 ቢሊዮን አለፈ። በዚህ ዝላይ ግን አይቸኩሉ። በዚያው ዓመት የኬንያው ሳፋሪኮም የመራው ጥምረት ለቴሌኮም ፈቃድ ብቻ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። አንድ ክፍያ የዓመቱን መልክ ስለሚለውጥ የአምስት ዓመት አማካይ ቢወስዱ ይሻላል።

ቀጥሎ ገንዘቡን ለአገር ውስጥ ምርትና ለሕዝብ ብዛት ያካፍሉ፤ የእኛ ሕዝብ ከኬንያ እጥፍ ይበልጣልና በጥሬው ማወዳደር ፍትሐዊ አይደለም።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ግን ምንጭ ሲቀላቅል ነው። የእኛ የበጀት ዓመት ከሐምሌ እስከ ሰኔ ስለሆነ ከጉባኤው የዓመት አቆጣጠር ጋር አይገጥምም፤ በፈቃድ ላይ የተመዘገበ ካፒታልም የገባ ገንዘብ ማለት አይደለም። ለምሳሌ በቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፈቃድ ያወጣ ባለሀብት ማሽኑን የሚያስገባው ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል። አኃዞቹ በየጊዜው ስለሚከለሱም የሁለቱንም አገሮች መረጃ ከጉባኤው ሪፖርት የአንድ ዓመት እትም ይውሰዱ።