ሁሉን በአንድ የያዘ ዙም ሌንስ፡ የሚሰጠውና የሚነሳው
(ከመርሐቤቴና ከመንዝ የመስክ ፎቶ አንጻር)

መግቢያ

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል ያገራችን ሰው። የሌንስ ፋብሪካዎች ግን ይህን ተረት ለማፍረስ ከ30 ዓመት በላይ ሲታገሉ ኖረዋል። ሰፊውን ሸለቆ ባንድ ፎቶ የሚይዝ፣ ወዲያው ደግሞ ማዶ ያለውን ጭላዳ የሚያቀርብ አንድ ሌንስ ሠርተው ለገበያ አቅርበዋል። የመስክ ሥራ ያለብን ተማሪዎች ስለ ካሜራ ስንጠያይቅ ቶሎ የምንሰማው ምክርም «አንዱን 18-200 ግዛና ተገላገል» የሚል ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምክሩ እስከየት እንደሚያስኬድና የት ላይ እንደሚጥለን በስሌት ማሳየት ነው። ምሳሌዎቹ ከዓለም ከተማ ዙሪያና ከመንዝ የተወሰዱ ናቸው። ጉዳዩ የቅንጦት አይደለም። በኛ አካባቢ አንድ ቀን መስክ ወጥቶ ያመለጠን ፎቶ «ነገ ተመልሼ አነሳዋለሁ» ማለት አይቻልም፤ መኪናው፣ ገንዘቡና የአየሩ ሁኔታ አንድ ላይ አይገጥሙም። ስለዚህ ሌንስ ስንመርጥ «የትኛው የተሻለ ጥራት አለው?» ከማለታችን በፊት «የትኛውን ፎቶ ባጣ ነው የማይተካልኝ?» ብለን መጠየቅ ይኖርብናል።

1. ሌንሱ ምን ዓይነት ነው?

እንደሚታወቀው ሌንስ በፎካል ርዝመቱ ይለካል። ቁጥሩ ሲያንስ እይታው ይሰፋል፣ ሲበዛ ደግሞ ሩቁ ይቀርባል። ታምሮን እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው 28-200 ሚ.ሜ. ሌንስ የዚህን ዓይነት ዙም ለተራው ፎቶ አንሺ ካዳረሱት መካከል ቀዳሚው ነው። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2005 ለዲጂታል ካሜራዎቹ 18-200 ሚ.ሜ. አወጣ። ካኖንም እ.ኤ.አ. በ2008 ተከተለ። ታምሮን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 እስከ 18-400 ሚ.ሜ. አደረሰው።

የ2005ቱን የኒኮን ሌንስ እንውሰድ። 200 ለ18 ሲካፈል 11 ይመጣል፤ «11 እጥፍ ዙም» የሚባለው ይህ ነው። እይታው ከ76 ዲግሪ እስከ 8 ዲግሪ ይደርሳል። ክብደቱ 560 ግራም ነው፣ ከአንድ ትልቅ የታሸገ ውኃ ግማሽ እንደማለት። በዚህ ክብደት ይህን ያህል ሥራ መሥራቱ በእውነት የሚደነቅ ነው።

2. ምን ይሰጣል?

አንደኛ፣ ፍጥነት። ከሙከጡሪ በለሚ በኩል ወደ ዓለም ከተማ የሚወስደው መንገድ ጀማ ወንዝ ድረስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ይወጣል። እዚያ መንገድ ላይ መኪና ቢቆም ለጥቂት ደቂቃ ነው። አፋፉ ላይ ሆኖ ሸለቆውን በ18 ሚ.ሜ. ያነሳ ሰው፣ ጭላዳዎች ከገደሉ ጫፍ ብቅ ቢሉ እጁን ጠምዝዞ ወደ 200 ይሄዳል። ባለ ሁለት ሌንሱ ቦርሳ ሲከፍት ጭላዳዎቹ ገደሉን ወርደው አልቀዋል።

ሁለተኛ፣ አቧራ። ሌንስ በተፈታ ቁጥር የካሜራው ሴንሰር ለነፋስ ይጋለጣል። በበጋ፣ ኮረኮንች መንገድ ዳር፣ ነፋስ በማይታጣበት ደጋ ላይ ሌንስ መቀየር ማለት አቧራ መጋበዝ ነው። ሴንሰሩ ላይ ያረፈች ብናኝ ደግሞ ከዚያ በኋላ በሚነሳው ፎቶ ሁሉ፣ በተለይ ሰማዩ ላይ፣ ጥቁር ነጥብ ሆና ትታያለች። ይሁንና ዙሙ ራሱ ሲረዝምና ሲያጥር አየር ይስባልና «ጭራሽ አቧራ አይገባውም» ማለት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ሸክም። 70-200 ሚ.ሜ. ሆኖ እስከ ጫፉ ኤፍ 2.8 የሚከፍተው የኒኮን ሌንስ (የ2009ኙ) 1,540 ግራም ይመዝናል። ይህን ተሸክሞ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ጓሳ ውስጥ በእግር መዋል ለሞከረው ሰው ይቅርበት ያሰኛል።

3. ምን ይነሳል?

ሀ. ብርሃን

ዋናው ዕዳ እዚህ ላይ ነው። የሌንስ ቀዳዳ ስፋት የሚገኘው ፎካል ርዝመቱን ለኤፍ ቁጥሩ በማካፈል ነው። በ200 ሚ.ሜ. ኤፍ 5.6 ሲሆን ቀዳዳው 36 ሚ.ሜ. ያህል ነው። ኤፍ 2.8 እንዲሆን ከተፈለገ 71 ሚ.ሜ. መሆን አለበት። መስታወቱም ክብደቱም የሚጨምረው በዚህ ምክንያት ነው። ፋብሪካው ሌንሱን ያቀለለው ብርሃኑን ቀንሶ ነው እንጂ በተአምር አይደለም። በኤፍ 5.6 የሚገባው ብርሃን በኤፍ 2.8 ከሚገባው ሩብ ብቻ ነው።

ይህ በተግባር ምን ማለት ነው? መንዝ ውስጥ ከበግ ጠጉር ባና የሚሠራ ሸማኔ በድንጋይ ቤቱ ውስጥ ሲሠራ እናንሳ እንበል። የሚገባው ብርሃን የበሩ ብቻ ነው። ኤፍ 1.8 የሚከፍት ባለ አንድ ርዝመት 35 ሚ.ሜ. ሌንስ በ1/60 ሰከንድ ፎቶውን ያነሳል እንበል። 18-200ው በዚያው 35 ሚ.ሜ. ላይ ወደ ኤፍ 4.2 ይጠባል። የብርሃኑ ልዩነት አምስት እጥፍ ተኩል ገደማ ስለሆነ ወደ 1/11 ሰከንድ መውረድ ግድ ይላል። በ1/11 ሰከንድ የሸማኔው እጅና መወርወሪያው ጭጋግ ሆነው ይወጣሉ።

እዚህ ላይ «ሌንሱ ንዝረት መከላከያ አለው እኮ!» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ አለው። ግን የሚያረጋጋው የፎቶ አንሺውን እጅ ነው፤ የሸማኔውን እጅ አያቆምም። የቀረው አማራጭ አይ ኤስ ኦ መጨመር ነው። 800 የነበረው ከ4000 በላይ ይሄዳል፤ በቆዩ ካሜራዎች ላይ ፎቶው ጤፍ የተነሰነሰበት ይመስላል። ፍላሽስ? ቤት ውስጥ የሥራውን መልክ ይለውጣል፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይፈቀድም፣ ባይከለከልም አይገባም።

ለ. የመስመርና የጠርዝ ጥራት

11 እጥፍ የሚለጠጥ ሌንስ በሁሉም ርዝመት እኩል ጥሩ ሊሆን አይችልም። በ18 ሚ.ሜ. ቀጥ ያለ ግድግዳ እንደ በርሜል ያብጣል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ወደ ውስጥ ይጎብጣል። ማዕዘኖቹ ይደበዝዛሉ። የዛሬ ካሜራዎችና ሶፍትዌሮች ጉብጠቱን ያቃናሉ፤ ሲያቃኑ ግን ጠርዙን እየለጠጡና እየቆረጡ ነው። ለመልክዓ ምድር ፎቶ ይህ ብዙም አይጎዳም፤ ኤፍ 8 ላይ ማድረግ ብቻውን ብዙ ያሻሽላል። የብራና ገጽ ለሚገለብጥ ወይም የሕንፃ ልኬት ለሚይዝ ተማሪ ግን ባለ አንድ ርዝመት ሌንስ ይሻለዋል።

ሐ. ርቀት

200 ሚ.ሜ. ሩቅ ይመስላል፣ ግን እናስላ። የካሜራው ሴንሰር 23.6 ሚ.ሜ. ወርድ ካለው፣ በ20 ሜትር ርቀት ላይ ፎቶው የሚይዘው 2.4 ሜትር ያህል ወርድ ነው። ሣር የሚነቅል ጭላዳ በዚህ ውስጥ ጥሩ ሆኖ ይታያል። በ100 ሜትር ግን ወርዱ ወደ 12 ሜትር ይሰፋል። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀይ ቀበሮ የፎቶውን አንድ አሥራ ሁለተኛ ብቻ ይይዛል ማለት ነው። 400 ሚ.ሜ. ቢሆን እንኳ አንድ ስድስተኛ ነው። ስለዚህ ለቀበሮ ብሎ ይህን ሌንስ የሚገዛ ሰው ማዘኑ አይቀርም። ቀበሮውን ከነጓሳ ሣሩና ከነሰማዩ ማሳየት የሚፈልግ ግን ይበቃዋል።

4. ከመግዛት በፊት

ሁለት ቀላል ሙከራዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ ከዚህ በፊት ያነሳናቸውን 100 ፎቶዎች ኮምፒዩተር ላይ መክፈት ነው። እያንዳንዱ ፎቶ የተነሳበትን ርዝመት፣ የኤፍ ቁጥርና ፍጥነት በውስጡ መዝግቦ ይይዛል። ስንቶቹ ከ100 ሚ.ሜ. በላይ ናቸው? ስንቶቹስ ከ1/30 ሰከንድ በታች ሆነው ተበላሽተዋል? ከማንም ምክር ይልቅ ይህ ቆጠራ የራስን ፍላጎት ይናገራል።

ሁለተኛው፣ በተለይ ያገለገለ ሌንስ ሲሆን፣ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፎ በ18፣ በ35፣ በ100ና በ200 ማንሳትና አራቱን ማዕዘኖች ማነጻጸር ነው። አንዱ ማዕዘን ብቻ ደብዛዛ ከሆነ ውስጡ ተናግቶ ይሆናል። ሌንሱን ወደ ታች አዙሮ መያዝም ጥሩ ነው፤ በገዛ ክብደቱ እየተንሸራተተ የሚረዝም ከሆነ ዋጋ ለመቀነስ ጥሩ ምክንያት ነው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ሁሉን በአንድ የያዘ ሌንስ ውሸታም አይደለም፣ ግን ያልነገረን ነገር አለ። ቀን ላይ፣ ደጅ፣ መንገድ ላይ ከማንም በላይ ያገለግላል፤ ጥራቱ ትንሽ ቢቀንስም ፎቶው ይኖራል። ጎንደርም ይሁን መንዝ፣ ቤት ውስጥና ሲመሽ ግን ፎቶው ራሱ ይጠፋል። ለኛ ሥራ ደግሞ የሽማግሌው ፊት፣ የሸማኔው እጅና የቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ያሉት እዚያው ጨለማው ውስጥ ነው።

በኔ አስተያየት ሁነኛው መፍትሔ 18-200ው ላይ አንድ ትንሽ ባለ አንድ ርዝመት ሌንስ መጨመር ነው። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው 35 ሚ.ሜ. ኤፍ 1.8 200 ግራም ብቻ ነው። ሁለቱ ተደምረው 760 ግራም፣ ማለትም ከዚያ ከባዱ 70-200 ግማሽ ያነሰ ይመዝናሉ። ቀን ደጅ ስንውል ዙሙን፣ ቤት ስንገባ ትንሹን። የምንቀይረውም በር ላይ፣ ከነፋስ ተከልለን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል። የትምህርት ክፍላችንም ለጋራ መጠቀሚያ ሌንስ ሲመርጥ በአንድ ውድ ሌንስ ፈንታ ይህን ጥምረት ቢያስብበት፣ በርካታ የመስክ ቡድኖች ከነሙሉ ሥራቸው ይመለሳሉ እላለሁ።