ለቤት ሶኬትና ለእንጀራ ምጣድ ተገቢውን የሽቦ ውፍረት ስለ መምረጥ

መግቢያ

ብቸናና ሞጣ ከደጀን ተነስቶ ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው መንገድ ላይ የሚገኙ የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ናቸው። አካባቢው ጤፍ አብቃይ ነውና በእነዚህ ከተሞች ቤት ውስጥ ከሚገቡት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ብዙ ኃይል የሚበላው የእንጀራ ምጣድ ነው። ሽቦ ሲገዛ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው “ሜትሩ ስንት ነው?” እንጂ “ስንት አምፔር ይችላል?” አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በክፍል የተማርነውን ስሌት ወደ እነዚህ ቤቶች አውርዶ ለሶኬትና ለምጣድ የሚሆነውን ሽቦ እንዴት እንደምንመርጥ ማሳየት ነው።

1. መጀመሪያ ጭነቱን ማወቅ

በአገራችን ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው መደበኛ ቮልቴጅ 220 ነው። 3500 ዋት ያለው ምጣድ ብንወስድ፣ 3500 ÷ 220 = 15.9 አምፔር ይስባል። በዚያው ሶኬት ላይ በማከፋፈያ 2000 ዋት ስቶቭ ቢጨመር ድምሩ 5500 ዋት፣ ማለትም 25 አምፔር ይሆናል። ቲቪና የሞባይል ቻርጀር ከዚህ አንጻር ኢምንት ናቸው። ስለዚህ “ቤቱ ስንት ሶኬት አለው?” ከማለት በፊት “ሙቀት የሚሰጥ ዕቃ የትኛው ሶኬት ላይ ይሰካል?” ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

2. ብሬከር የሚጠብቀው ማንን ነው?

ብዙ ሰው ብሬከር ምጣዱን የሚጠብቅ ይመስለዋል። ዋናው ሥራው ግን ሽቦውን ከመጠን በላይ ከመሞቅ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሆናል፦ የጭነቱ ከረንት ከብሬከሩ መጠን አይበልጥም፤ የብሬከሩም መጠን ሽቦው ከሚችለው አይበልጥም።

“ብሬከሩ እየወደቀ አስቸገረን” ተብሎ 16 አምፔሩ ወጥቶ 32 አምፔር ቢገባ፣ ወይም የቀጠነው የፊውዝ ክር በወፍራም ሽቦ ቢተካ፣ ይህ ቅደም ተከተል ይፈርሳል። ከዚያ በኋላ የመቋረጡ ሥራ በግድግዳው ውስጥ ወዳለው ሽቦ ይዞራል። በእንጨትና በጭቃ በተሠራ፣ ኮርኒሱም በጨርቅ በተወጠረ ቤት ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

3. ሽቦው ስንት ይችላል?

በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን መስፈርት ቁጥር 60364 መሠረት፣ ፒቪሲ የለበሰ የመዳብ ሽቦ በግድግዳ ላይ ባለ ቱቦ ውስጥ ለብቻው ሲያልፍና የአካባቢው ሙቀት 30 ዲግሪ ሲሆን የሚችለው ከረንት የሚከተለው ነው።

ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፦ 17.5 አምፔር
ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፦ 24 አምፔር
ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር፦ 32 አምፔር
ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር፦ 41 አምፔር

እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ምጣዱ 15.9 አምፔር ስለሚስብ “1.5 ይበቃዋል” ሊባል ይችላል። ነገር ግን በአንድ ቱቦ ውስጥ ሁለት መስመር አብሮ ካለፈ ቁጥሩ በ0.8 ይባዛል፤ 1.5 የነበረው 14 አምፔር ብቻ ይችላል ማለት ነው። ቱቦው ፀሐይ በሚያግለው ቆርቆሮ ሥር፣ በኮርኒስ ላይ ካለፈና በዚያ ያለው ሙቀት 40 ዲግሪ ከደረሰ ደግሞ በተጨማሪ በ0.87 ይባዛል።

ባለ 2.5 ሽቦ ሁለት መስመር ባለበት ቱቦ ውስጥ 19.2 አምፔር ይችላል፤ ለተራ ሶኬት ከ16 አምፔር ብሬከር ጋር ተስማሚ ነው። ለምጣድ ግን 16 አምፔር ብሬከር ጠርዝ ላይ ነው። የቤት ብሬከሮች መስፈርት የተሠራው እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ መሆኑን፣ ብቸናም ሞጣም ከዚያ በላይ መሆናቸውን አንርሳ፤ አየሩ ሲሳሳ ዕቃውን የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ለምጣድ ባለ 4 ሽቦ ከ25 አምፔር ብሬከር ጋር ይመረጣል፤ 32 × 0.8 = 25.6 ስለሆነ ቅደም ተከተሉ ይጠበቃል።

4. ማድ ቤቱ ከቆጣሪው ሲርቅ

በግቢ ቤቶች ማድ ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከዋናው ቤት ተለይቶ ጓሮ ነው ያለው። ርቀቱ 30 ሜትር ነው እንበል። ከረንቱ ሄዶ ስለሚመለስ የሽቦው ርዝመት 60 ሜትር ይሆናል። የመዳብን ልዩ ሬዚስታንስ 0.0175 ይዘን በ15.9 አምፔር ስናሰላው፦

በ1.5፦ 0.7 ኦም፣ የቮልቴጅ ቅነሳ 11.1 ቮልት፣ በሽቦው የሚባክን 177 ዋት
በ2.5፦ 0.42 ኦም፣ 6.7 ቮልት፣ 106 ዋት
በ4፦ 0.26 ኦም፣ 4.2 ቮልት፣ 66 ዋት

የምጣድ ኃይል ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር አብሮ ይወርዳል። መስመሩ ራሱ ወደ 190 ቮልት ዝቅ ባለ ሰዓት 3500 ዋቱ ምጣድ 2600 ዋት ገደማ ብቻ ይሰጣል። በዚያ ላይ ሽቦው ቀጭን ከሆነ ምጣዱ አይግልም፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ጊዜውም ይረዝማል። እንጀራ ጋግራ ለምትሸጥ እናት ይህ የዕለት ገቢዋ ጉዳይ ነው። በሽቦው ላይ የባከነውንም ቆጣሪው ይቆጥረዋል።

5. ሶኬቱና የሽቦው ልክ

ሽቦውን ብቻ ማወፈር አይበቃም። የተለመደው ክብ ሶኬት የተሠራው ለ16 አምፔር ነው። ምጣድ ሰዓት ሙሉ ወደ 16 አምፔር ሲስብበት፣ በተለይ መያዣው ከላላ፣ ሶኬቱ ይግላል፣ ፕላጉም ይጠቁራል። ስለዚህ ምጣድ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ኖሮት፣ ለከፍተኛ ከረንት በተሠራ ሶኬት ወይም ማብሪያ ማጥፊያ ቢገናኝ ይመረጣል። የመሬት ሽቦውም አይዘለል፤ ምጣድ ሊጥና ውኃ የሚነካው ዕቃ ነው።

ስንገዛ ደግሞ ጽሑፉን ብቻ አንመን። ባለ አንድ ዘንግ ሽቦ ከሆነ ካሊፐር ይዞ መለካት ነው፦ ባለ 1.5 ዲያሜትሩ 1.38፣ ባለ 2.5 1.78፣ ባለ 4 ደግሞ 2.26 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። የምንለካው መዳቡን ነው፤ ላስቲኩን ወፍራም ማድረግ ቀላል ነው።

ማጠቃለያ

ለመብራት 1.5 ከ10 አምፔር፣ ለተራ ሶኬት 2.5 ከ16 አምፔር፣ ለምጣድ 4 ከ25 አምፔር ብሬከር ጋር ጥሩ መነሻ ነው። ርቀቱ ሲረዝም ወይም በአንድ ቱቦ ብዙ መስመር ሲያልፍ ግን እንደገና ማስላት ግድ ይላል። ከቆጣሪው ወደ ውስጥ ያለውን ሽቦ የምንመርጠው እኛ ነን። ባለቤቱ “ቀጭኑ ይበቃል” ሲል ዝም ብሎ መዘርጋት ሳይሆን፣ ከላይ ያለውን ስሌት በወረቀት ላይ ሠርቶ ማሳየት ከሙያው ሰው ይጠበቃል።