የሞቀው ሞተሩ ነው ወይስ የተበላሸው ሴንሰሩ?

ጀውሃ በአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ላይ፣ ከሸዋ ሮቢት በስተሰሜን የምትገኝ የይፋት ቆላ ከተማ ናት። ከዚያ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ተሽከርካሪ ጣርማ በር እስኪደርስ ድረስ ወደ 2,000 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ጭነት፣ ዳገትና የቆላ ሐሩር በተባበሩበት በዚህ መንገድ የሙቀት ጠቋሚው ወደ ቀዩ መስመር ቢያሻቅብ፣ የጋለው ሞተሩ ነው ወይስ የተሳሳተው ሴንሰሩ? እውነተኛውን ግለት እንደ ሐሰት የቆጠረ ሞተሩን ያቃጥላል፤ ሐሰተኛውን እንደ እውነት የወሰደ ደግሞ ጤነኛ ሞተር አስፈትቶ ገንዘቡን ያባክናል። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ለይቶ የማወቂያውን መንገድ እንመለከታለን።

የሴንሰሩ አሠራር

በሴንሰሩ ውስጥ ቴርሚስተር የሚባል ከፊል አስተላላፊ ቁስ አለ። እንደ መዳብ ያሉ ብረታ ብረቶች ሲሞቁ ሬዚስታንሳቸው ይጨምራል፤ የዚህ ግን ይቀንሳል። ይህን ዓይነቱን ባሕርይ ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1833 በሲልቨር ሰልፋይድ ላይ አስተውሎት ነበር። በብዙ መኪኖች የሴንሰሩ ሬዚስታንስ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ 300 ኦም ገደማ ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር 5 ቮልት ሰጥቶ በሴንሰሩ ላይ የሚያርፈውን ቮልቴጅ በመለካት ሙቀቱን ያሰላል። ሴንሰሩ የጋለውን ሞተር ቀዝቃዛ አድርጎ ካሳየ ነዳጅ ከልክ በላይ ይረጫል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የራዲያተር ማራገቢያም ሳይነሣ ሊቀር ይችላል።

አመረማመሩ

በቅድሚያ መኪናውን ማቆም፣ ሞተሩን ማጥፋትና እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ይገባል። በግለቱ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን መክፈት ለከባድ ቃጠሎ ያጋልጣል። ከቀዘቀዘ በኋላ የውሃው መጠን ይታያል፤ ውሃው ከጎደለ ሴንሰሩ በአየር ውስጥ ስለሚቀር ጤነኛም ቢሆን በትክክል አይለካም።

ቀጥሎ፣ ቆሞ ባደረ ሞተር ላይ የኮምፒውተሩ ንባብ በመመርመሪያ መሣሪያ ይታያል። ንባቡ ከአካባቢው አየር ሙቀት ጋር መቀራረብ አለበት። ጀውሃ ላይ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ቢያሳይ መስመሩ የሆነ ቦታ ተቋርጧል ማለት ነው። ሶኬቱን ነቅለን ሁለቱን የሴንሰር ገመዶች በአጭር ሽቦ ስናገናኝ ንባቡ ወደ ከፍተኛው ካሻቀበ ገመዱና ኮምፒውተሩ ደኅና ናቸው፤ ጥፋቱ የሴንሰሩ ነው። በአንዳንድ መኪኖች ለጠቋሚው አንድ፣ ለኮምፒውተሩ ሌላ ሴንሰር ስላለ የትኛው እየተመረመረ እንደሆነ መለየት ያሻል።

በመጨረሻም የተፈታው ሴንሰር ጫፉ ውሃ ውስጥ ተነክሮ፣ ውሃው እየሞቀ ሳለ ሬዚስታንሱ በቴስተር ይለካል። ንባቡ ሳይዘል ቀስ በቀስ መውረድ፣ ከአምራቹ ሠንጠረዥም ጋር መስማማት አለበት።

ከፍታን አንርሳ

ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ነው። በሸዋ ሮቢት በ96፣ በደብረ ብርሃን በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የፈላ ውሃ ሁሉ 100 ዲግሪ ነው ብሎ የሚነሣ ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሠንጠረዡ ከሚለው ሩብ ያህል የበለጠ ሬዚስታንስ ያገኝና ጤነኛውን ሴንሰር ይኮንናል። ስለሆነም በውሃው ውስጥ ቴርሞሜትር ሊኖር ግድ ነው።

ሴንሰሩም ገመዱም ይህን ሁሉ ፈተና ካለፉ ግለቱ እውነተኛ ነው፤ ምርመራው ወደ ቴርሞስታቱ፣ ወደ ውሃ ፓምፑና ወደ ራዲያተሩ ይሸጋገራል። መለዋወጫ መግዛት ከልኬት በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።