ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ የተለወጠ አካል፣ ያልተለወጠ ገበታ

ከግቢያችን ብዙም በማይርቀው አፍንጮ በር የከሳ ሰው «ምነው፣ አመመዎት እንዴ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ «በሞቴ» እየተባለም ጉርሻ ይቀርብለታል። ክብደት ለመቀነስ ጨጓራውን የተቀደደ ሰው ግን ይህን ግብዣ እንደ ቀድሞው ሊቀበለው አይችልም። ምክንያቱን እንመልከት።

ኤድዋርድ ሜሰን በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ በ1966 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት የማለፊያ ቀዶ ሕክምና ዛሬ በሚሠራበት መልኩ፣ ምግብ የሚቀበለው የጨጓራ ክፍል 30 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ይይዛል፤ ይህ ከአንድ የቡና ሲኒ ያንሳል። ምግቡ ቀሪውን ጨጓራ ሳይነካ ወደ ትንሹ አንጀት ይወርዳል። ስኳር የበዛበት ቡና ሲጠጣ ስኳሩ ውኃ ወደ አንጀት ይስባል፤ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሆድ ይቆርጣል። ሰውየው ቡናውን ቢመልስ ቅብጠት አይደለም፤ ኦስሞሲስ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ድምፅ የሌለው ጉድለት ነው። ቫይታሚን ቢ12 ከምግብ ተለይቶ እንዲመጠጥ ጨጓራ የሚያመነጨው አሲድና ልዩ ፕሮቲን ያስፈልጋል። በጾም ወራት የምንመገባቸው ሽሮና ምስር ደግሞ ይህ ቫይታሚን የላቸውም። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስንቅ ስለሚያኖር ችግሩ ዘግይቶ፣ በእግር መደንዘዝና በደም ማነስ ይገለጣል፤ የተጎዳ ነርቭም ሁልጊዜ አይድንም። «ደኅና ነኝ» ብሎ ኪኒኑን ወይም መርፌውን ማቋረጥ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። የደም ምርመራውም ክብደት መቀነሱ ካቆመ በኋላ በየዓመቱ ይቀጥላል።