ከተፈታ መኪና የተገኘ የጋዝ ሾክ ለካምፐር ቫን ተነሺ ጣሪያ የሚገጠምበት አሠራር

የካምፐር ቫን ተነሺ ጣሪያ የሚባለው መኪናው ሲቆም በአንድ ጫፉ ወደ ላይ የሚከፈት፣ ጎኖቹ በሸራ የሚጋረዱና ከሥሩ መቆሚያና መኝታ የሚያስገኝ የፋይበር ግላስ ክዳን ነው። ክዳኑ አዲስ ሳለ አንድ ሰው ያለ ብዙ ድካም የሚያነሳው ቢሆንም፣ ፍራሽ፣ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳና የዕቃ መደርደሪያ እየተጨመረበት ሲሄድ ክብደቱ ከአንድ ሰው አቅም በላይ ይሆናል፤ ለዚህም ከተፈቱ መኪኖች የኋላ በር ላይ የተወሰደ የጋዝ ሾክ መግጠም ርካሽና አስተማማኝ መፍትሔ ነው። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ኃይለኛ ሾክ አስቀድሞ ተገዝቶ የሚቆምበት ቦታ ከዚያ በኋላ ስለሚፈለግለት ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ጣሪያውን መመዘን፣ የሾኩን ቦታ በስሌት መወሰን፣ ከዚያም ለዚያ ቦታ የሚስማማውን ሾክ መፈለግ ነው።

እዚህ የሚገለጸው አሠራር በአንድ ጫፉ በማጠፊያ ለተያዘ ጣሪያ ነው። በእንግሊዝ ፎክስተን ከተማ ይሠራ እንደነበረው እንደ ዶርሞቢል ካምፐር ቫን በጎኑ ለሚከፈት ጣሪያም ስሌቱ ያገለግላል፤ አራቱም ማዕዘኖቹ እኩል ወደ ላይ ለሚነሱት ግን አያገለግልም።

የጋዝ ሾክ በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ናይትሮጅንና ጥቂት ዘይት የያዘ ዝግ የብረት ሲሊንደር ሲሆን፣ ከውስጡ የሚወጣው የተወለወለ ዘንግ ምንጊዜም ወደ ውጭ ይገፋል። የሚገፋበት ኃይል የሚለካው በኒውተን ነው፤ የአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 9.81 ኒውተን ስለሆነ፣ በሲሊንደሩ ላይ 480 ኒውተን ተብሎ የታተመበት ሾክ 49 ኪሎ ግራም ያህል ይሸከማል ማለት ነው። የታተመው ቁጥር የሚያመለክተው ዘንጉ ከሞላ ጎደል ወጥቶ ያለውን ኃይል ነው፤ ዘንጉ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ለጋዙ የሚቀረው ቦታ ስለሚጠብ ኃይሉ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜም ጭማሪው ከ20 እስከ 40 በመቶ ይደርሳል።

የመጀመሪያው ሥራ ጣሪያውን መመዘን ነው። መቀርቀሪያዎቹ ተከፍተው፣ ፍራሹም ሰሌዳውም እንደተጫኑ፣ ከማጠፊያው ተቃራኒ ያለው ጫፍ በጥቂቱ ከፍ ይደረግና፣ በሰው ክብደት መለኪያ ሚዛን ላይ በቆመ ጠንካራ ጣውላ ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ንባቡ ይመዘገባል፤ የጣውላው ክብደት መቀነሱ አይዘነጋም። ከዚያም ከማጠፊያው መሃል እስከዚሁ ጫፍ ያለው ርዝመት፣ እንዲሁም ጣሪያው ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ጫፉ ስንት ሜትር ከፍ እንደሚል ይለካል። በዚህ ጽሑፍ ለምሳሌነት የሚወሰደው ጣሪያ ርዝመቱ 2.4 ሜትር፣ የጫፉ ንባብ 24 ኪሎ ግራም፣ የመክፈቻ አንግሉ 25 ዲግሪ፣ የጫፉ ከፍታም 1.01 ሜትር የሆነ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች የሚፈለገውን ሥራ፣ ማለትም ኃይል በርቀት ተባዝቶ የሚገኘውንና በጁል የሚለካውን መጠን፣ በቀጥታ ይሰጣሉ፤ 24 በ9.81፣ ውጤቱም በ1.01 ሲባዛ 238 ጁል ያህል ይሆናል። ሾኮቹ የሚሰጡት ሥራ ደግሞ አማካይ ኃይላቸው ዘንጋቸው በተጓዘበት ርቀት ተባዝቶ ነው። ስለዚህ ሾኩ ምንም ያህል ኃይለኛ ቢሆን ዘንጉ አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድበት ቦታ ላይ ከተገጠመ የሚረዳው ጥቂት ሲሆን፣ መካከለኛ ሾክ ግን ሙሉ ጉዞውን እንዲሄድ ከተደረገ ጣሪያውን ይሸከማል። ሾኮቹ ከሚፈለገው ሥራ 80 በመቶ ያህሉን ቢሠሩና የቀረውን የሰው እጅ ቢጨምር ይመረጣል፤ መቶ በመቶ የሚሠራ ሾክ ጣሪያውን ለመዝጋት ሰው እንዲንጠለጠልበት ያስገድዳል፤ መቀርቀሪያውንም ቀንና ሌሊት ሊገፋ ይችላል።

ቀጥሎ የሚታየው የማንሻ ክንድ ነው፤ ይህም ከማጠፊያው መሃል እስከ ሾኩ መስመር ድረስ በ90 ዲግሪ የሚለካው ርቀት ነው። ጣሪያው ሲዘጋ ይህ ርቀት ትንሽ፣ ሲከፈት ደግሞ ትልቅ መሆን አለበት። በምሳሌው የሾኩ ጠቅላላ ርዝመት ዘንጉ ወጥቶ 52 ሴንቲ ሜትር፣ ገብቶ 32 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል፤ የታችኛው መያዣ ከማጠፊያው 60 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ከማጠፊያው ደረጃም 6 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ በመኪናው አካል ላይ፣ የላይኛው ደግሞ 93 ሴንቲ ሜትር ርቆ በጣሪያው ላይ ሲቆም፣ ሾኩ ጣሪያው በተዘጋበት ጊዜ 33.5፣ በተከፈተበት ጊዜ 51.4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በሁለቱም ጫፍ ትንሽ ትርፍ ጉዞ መቅረቱ የግድ ነው፤ ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ገብቶ ጣሪያው ገና ካልተዘጋ የሚሰበረው ፋይበር ግላሱ ነውና። የማንሻ ክንዱ ከ16.6 ሴንቲ ሜትር ተነስቶ 55.7 ይደርሳል፤ እያንዳንዳቸው 480 ኒውተን የሆኑ ሁለት ሾኮች፣ አማካይ ኃይላቸው 550 ቢሆን፣ 197 ጁል ያህል ሥራ ይሰጣሉ፤ ይህም ከሚፈለገው 82 በመቶ ገደማ ነው። በተዘጋው ጣሪያ ላይ የሚያሳድሩት የማንሳት ግፊት ግን ክብደቱን ለማሸነፍ ከሚያስፈልገው 40 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ በመሆኑም ጣሪያው በራሱ ክብደት ተዘግቶ ይቆያል።

ሾክ ፍለጋው የሚጀምረው እነዚህ ቁጥሮች በወረቀት ከሰፈሩ በኋላ ነው። ወደ ላይ የሚከፈት የኋላ በር ያላቸው አብዛኞቹ የቤት መኪኖችና ቫኖች ጥንድ ሾክ አላቸው፤ ሃይስ ሚኒባስ ባለበት አገር ሁሉ ደግሞ ከተፈታ ሃይስ የኋላ በር የወጣ ሾክ ማግኘት ይቻላል። ጥንዱ ከአንድ መኪና መሆን አለበት፤ ከተቃጠለ ወይም ከኋላ ከተገጨ መኪና የወጣ ግን አይወሰድም። ሾኩ ከመፈታቱ በፊት በሩ በጣውላ ይደገፋል፤ ከዚያ በኳሱ መያዣ ላይ ያለው የሽቦ ማቆለፊያ በቀጭን ካቻቢቴ ጥቂት ሲላቀቅ ሾኩ ይወጣል። ባለ ኳስ ራስ ብሎኖቹና መቀመጫ ላሜራዎቹም አብረው መፈታት አለባቸው፤ ኳሱ ብዙ ጊዜ 10 ሚሊ ሜትር ቢሆንም ሌላ መጠንም አለ፤ ያልተስማማ ኳስ በመያዣው ውስጥ ሲወዛወዝ ከርሞ አንድ ቀን ይወጣል።

የአሮጌ ሾክ ጤንነት የሚታወቀው በዘንጉ ነው። ጥፍር ሲሄድበት የሚይዝ ጭረት፣ የዝገት ነቁጥ፣ በዘንጉ መውጫ ዙሪያ ርጥብ ዘይት፣ ወይም ትንሽ እንኳ መጣመም ከታየበት ይጣላል። ደህና የመሰለው ሾክ ዘንጉ ወደ ታች ሆኖ፣ ጣውላ በተነጠፈበት የሰው ሚዛን ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ሁለተኛ ሰው ሲሊንደሩን ከጎን እየደገፈ በዝግታ ይገፋል፤ ዘንጉ መግባት ሲጀምር የሚታየው ንባብ በ9.81 ሲባዛ እውነተኛ ኃይሉ ይታወቃል። የታተመው ቁጥር 480 ሆኖ ሚዛኑ 35 ኪሎ ግራም ብቻ ካሳየ ጋዙ አምልጧል ማለት ነው። የሁለቱ ሾኮች ኃይል ልዩነት ከ10 በመቶ ከበለጠ ጣሪያው ይጣመማል፤ ጥንዱም ሊመረጥ አይገባም። ሾክ አይበሳም፣ አይበየድም፣ በእሳት አይሞቅም፣ ዘንጉም ቀለም አይቀባም፤ በውስጡ የታመቀው ግፊት ሰው ይገድላል፤ የዘንግ ቀለም ደግሞ ማሸጊያ ጎማውን ይበላዋል።

መብሻው ከመነሳቱ በፊት የሐሰት ሾክ ይሠራል። ሁለት ቀጭን የእንጨት ዘንጎች ጎን ለጎን ይታሰሩና እርስ በርስ እንዲንሸራተቱ ይደረጋል፤ 33.5 እና 51.4 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑባቸው ቦታዎችም በእርሳስ ምልክት ይደረግባቸዋል። ይህ የእንጨት ሾክ ኃይል ስለሌለው፣ በመያዣዎቹ ቦታ በሞርሳ ተይዞ ጣሪያው ደጋግሞ ሲከፈትና ሲዘጋ ሸራው የሚቆነጠጥበት፣ የመኝታው ጣውላ የሚነካበት፣ ወይም ሾኩ ወደ ጎን የሚጣመምበት ቦታ እጅ ሳይጎዳ ይታያል። ሾኩ የሚንቀሳቀስበት መስመር ለማጠፊያው ዘንግ ቀጥ ያለ መሆን አለበት፤ ወደ ጎን የሚጎተት ሾክ ማሸጊያውን ቶሎ ይጨርሳል።

የመያዣዎቹ አሠራር ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ጣሪያው ተዘግቶ በሚቆይበት ጊዜ ሁሉ እያንዳንዱ ሾክ 62 ኪሎ ግራም ያህል ሳያቋርጥ ይገፋልና። ብቻውን የተበሳ ፋይበር ግላስ ይህን አይችልም፤ በጊዜ ብዛት ቀዳዳው ይሰፋል። ስለዚህ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ቢያንስ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ላሜራ፣ በሞረድ እንዲሻክር ተደርጎ በአልኮል በጸዳ ፋይበር ግላስ ላይ በፖሊዩሬቴን ማጣበቂያ ይለጠፍና፣ ማጣበቂያው ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ብሎኖቹ በሰፊ ሮንዴላና በማይፈታ ዳዶ ይታሰራሉ። በመኪናው አካል በኩል ላሜራው ቀጭን ስለሆነ ተመሳሳይ ማጠናከሪያ ከኋላው ይገባል፤ የተበሳው ጠርዝም ዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባል። በአሉሚኒየምና በብረት መካከል የማጣበቂያ ወይም የቀለም ሽፋን ካልተተወ ርጥበት ሲገባ ይበላላሉ።

ብዙዎች የሚዘነጉት የማጠፊያው ጉዳይ ነው። ሾኩ ጣሪያው ሲዘጋ ተጋድሞ ስለሚተኛ ግፊቱ በአብዛኛው ወደ ላይ ሳይሆን አግድም ነው፤ በምሳሌው ሁለቱ ሾኮች ማጠፊያዎቹን በ120 ኪሎ ግራም ያህል ኃይል ከቦታቸው ለመንቀል ይጎትታሉ። ስለዚህ የማጠፊያው ብሎኖች አስቀድመው ይፈተሻሉ፤ የላሉት ይጠብቃሉ፤ በዙሪያቸው የተሰነጠቀ ፋይበር ግላስ ካለም ሾክ ከመገጠሙ በፊት ይጠገናል።

በመጨረሻ ጣሪያው ተከፍቶ በሁለት ጣውላዎች ይደገፋል፤ ሾኮቹም ዘንጋቸው ወደ ታች በመኪናው አካል ላይ፣ ሲሊንደራቸው ወደ ላይ በጣሪያው ላይ ሆኖ ይገጠማሉ። ዘይቱ በዚህ አኳኋን ወደ ማሸጊያው ስለሚወርድ ጎማውን ያረጥባል፤ የጣሪያውን አነሳስም በመጨረሻ ያለዝባል። የመጀመሪያው መዝጋት በሁለት ሰው፣ አንድ መስኮት ተከፍቶ ይከናወናል፤ አየሩ መውጫ ካጣ ሸራውን ወደ ውጭ ይነፋውና በጣሪያው ጠርዝ ሥር ያስቆነጥጠዋል። የሚዘጋው ሰው እጅ ከሾኩ አጠገብ እንዳይደርስ በጣሪያው ጫፍ ላይ የሚታሰር ጠንካራ የጨርቅ መጎተቻ ያስፈልጋል።

የጋዝ ኃይል በሙቀት ይለዋወጣል፤ ሙቀቱ በቀነሰ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አንድ ሦስተኛ በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ፣ በ20 ዲግሪ 480 ኒውተን የነበረው ሾክ በዜሮ ዲግሪ 447 ያህል ይሆናል። የምሳሌው ጣሪያ በሞቃት ቀን ተከፍቶ በራሱ ቢቆምም፣ በውርጭ ሌሊት ግን ቀስ ብሎ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ሰው ከላይ ከመተኛቱ ወይም ከሥሩ ከመቆሙ በፊት የሚገባ የብረት ድጋፍ መኖሩ የግዴታ ነው፤ የፋብሪካው ማቆሚያ ካለም ከቦታው አይነሳም። እንደ ቮልስዋገን ቲ3 ቬስትፋሊያ ከፊት በኩል የሚነሳ ጣሪያ ያለው መኪና ደግሞ ሲጓዝ ነፋሱ በቀጥታ ከጠርዙ ሥር ስለሚገባ፣ ሾክ ከተገጠመለት በኋላ ከነባሩ መቀርቀሪያ ተለይቶ የሚዘጋ ሁለተኛ መቀርቀሪያ ይጨመርለታል፤ ሁለቱም መኪናው ከመነሳቱ በፊት በእጅ ተገፍተው ይፈተሻሉ።